መስኮቱ ላይ የቆመው ሰውዬ

ጥቅምት 6

ለውድ እትዬ፣

ሰላምታዬ እኔ ካለሁበት ሜዳ አንቺ እስካለሽበት ጓዳ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ነፋሱ ካልገፈተረኝና አለቃችን ካልተቆጣኝ በቀር የሚነካኝ የለም።

ደብዳቤሽን የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ትናንት አምጥቶ ሰጠኝ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ለወሬው፣ ቀጥሎ ጽሕፈቱን ለመፍታት። ምን ሆነሽ ነው? ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። በልጅነቴ የፊደሌ እግር ተንጋደደ ብለሽ ገጹን በሙሉ ያስደገምሽኝ አንቺ አይደለሽም? ብዕሩ ነው ወይስ እጅሽ? መልሱን እጠብቃለሁ። ስልክ ደውዬ እንዳልጠይቅሽ ሞገዱ መሣሪያዎቹን ይረብሻል ተብሎ እዚህ ስልክ ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ።

ስለ ጓሮው መስኮት የጻፍሽው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ተሰርስሮ ማሽኖቹ ከተወሰዱ ወዲህ በጓሮ በኩል ኮቴ እሰማለሁ ብለሻል። ብቻሽን ትሰፊያለሽ፣ እዚያው ከስፌት መኪናሽ አጠገብ ትተኚያለሽ፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ደግሞ አጥርና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። በርሽን አጠንክሪ የሚል ምክር ብቻ መላክ አሳፈረኝ። ስለዚህ ዓይን ልኬልሻለሁ።

ከሾፌሩ የምትቀበዪው ግራጫ ሣጥን እዚህ ለዓመታት ስንደክምበት የኖርነው ነገር ነው። ሰውም ሆነ እንስሳ፣ የጋለ ምድጃም ሆነ የሞቀ ሽቦ፣ ሁሉም ነገር በሙቀቱ ልክ ብርሃን ይተፋል። ከቀይ በታች ያለ ብርሃን ስለሆነ የእኛ ዓይን አያየውም። ኢንፍራሬድ የሚሉት እሱን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ጥፍር የምታክል ሰሌዳ አለች፤ በላይዋ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች ተደርድረዋል። ያ ብርሃን ሲነካቸው ይሞቃሉ። የሞቀው ነጥብ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ያልሞቀው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጨለማ አያግደውም። ቁጥቋጦው ውስጥ የተደበቀ ሰው ካለ እንደ ፋኖስ በርቶ ይታይሻል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ሌላ አገርም ሞልቷል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። የእኛ ፈጠራ ርካሽ መሆኑ ነው፤ ርካሽ በመሆኑም ቀርፋፋ ነው። ነጥቦቹ እንደ አሮጌው ካውያሽ ናቸው፤ ለመጋልም ለመብረድም ጊዜ ይፈልጋሉ። ስክሪኑ ላይ የምታዪው ነገር አንድ ትንፋሽ ያህል ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሠራተኛው ሁሉ “ቀርፋፋው” ይለዋል። ሌላ ስም ገና አልወጣለትም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። መስኮቱን እንዳትከፍቺ። ከውስጥ ሆነሽ ሣጥኑን ወደ ዓይንሽ ጠጋ አድርጊና በመስታወቱ በኩል ጓሮውን ተመልከቺ። በመጀመሪያ በቀን ሞክሪው። በቀን ከለመድሽው ሲመሽ አትደናገጪም። ያየሽውን ጻፊልኝ፤ በሚነበብ ጽሕፈት።

ወንድምሽ
ዓይናማው (መነጽሩ አሁንም እንደወፈረ ነው)


ጥቅምት 14

ለወንድሜ ለዓይናማው፣

እንደምን ሰነበትክ? ነፋሱስ ቀነሰልህ? ሾፌሩ ከስተሃል አለኝ፤ ከስቷል ወይ ብዬ ጠይቄው ራሱን ነቀነቀ ማለቴ ነው እንጂ እሱ መቼ ይናገራል። እባክህ በሰዓቱ ብላ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሩ እምቢ አለኝ።

ስለ ጽሕፈቴ ጠይቀሃል። ጥድፊያ ነው። የተማሪዎቹ ዩኒፎርም ደርሶብኝ ቆሜ ነው የምጽፍልህ። ሌላ ነገር የለም፣ ተወው።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ይኼን መሣሪያህን መልሰህ ውሰድልኝ። እንቅልፍ እንዲሰጠኝ ብለህ ልከኸው፣ የነበረችኝንም ቅንጣት እንቅልፍ ወሰደብኝ።

እንዳልከኝ በቀን ጀመርኩ። ጓሮው ወለል ብሎ ይታያል፣ አጥሩም ቁጥቋጦውም በቦታቸው አሉ። በዓይኔ አየሁ፣ ማንም የለም። ሣጥኑን አነሳሁና በእሱ አየሁ። ሰው ቆሟል።

መስኮቱ ላይ ነው የቆመው። አጥሩ ጠፍቷል፣ ቁጥቋጦው ጠፍቷል፣ እሱ ብቻ በጥቁሩ መካከል ነጭ ሆኖ ቆሟል። ቀጭን ነው። ፊት የለውም። ፊቱ መሆን ያለበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ የሚነድ ነገር በአንድ እጁ ደግፎ ይዟል። ሌላው እጁ፣ የግራው፣ ከክርኑ በታች እየደበዘዘ ይመጣና አንጓው ላይ ሲደርስ ያበቃል። መዳፍ የለ፣ ጣት የለ። እጀ ቆራጣ ነው።

ክው አልኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። እፎይ ልል ስል እሱም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ገባህ? እኔ ካደረግኩት በኋላ ነው የሚያደርገው። አይቶ፣ አስቦበት፣ እንደሚያላግጥብኝ። ሣጥኑን ዝቅ አድርጌ በዓይኔ ሳይ ባዶ ጓሮ። መልሼ ሳነሳው እዚያው አለ። ከዚያ በኋላ እግሬ አውጪኝ ነው።

ፀጉር አስተካካዩን ጠራሁት። ታውቀዋለህ፣ በወሬ ጊዜ ከእሱ የሚበልጥ ጀግና የለም። መቀሱን ጨብጦ መጣ። ጓሮውን ዞረ፣ ቁጥቋጦውን እየረገጠ ፈተሸ፣ አንድም ሰው የረገጠው ቦታ የለም አለኝ። ገብቶ ሣጥኑን ተቀበለኝና በመስኮቱ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ያ ቀጭኑ እጀ ቆራጣው ነው አልኩት።

“ኧረ ይሄ ሌላ ነው እትዬ” አለኝ። “አጭር ነው፤ ሆዱ በርሜል ያህላል፤ ሁለት እጅም አለው።”

በቃ፣ ሁለት ሆነዋል። መቀሱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎት ሄደ፤ እስካሁን ሊወስደው አልመጣም። በመንገድ ሲያልፍ እንኳን ወደ በሬ አያይም።

አሁን መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄዋለሁ። በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርቼ ነው የምሰፋው። ከበስተጀርባዬ ያለ እየመሰለኝ መኪናውን ባቆምኩ ቁጥር አዳምጣለሁ። ንገረኝ፣ ይህ ነገር ይሳሳታል? የሌለ ሰው ያሳያል? ወይስ እኛ የማናየውን ነው የሚያየው? እንደዚያ ከሆነ አትንገረኝ።

የፈራችው እህትህ


ጥቅምት 21

ለውድ እትዬ፣

ይቅርታ። እግርሽ ሥር ወድቄ ይቅርታ። ግን አስቀድሞ ትንሽ ልሳቅ፣ ከዚያ ትቆጪኛለሽ።

እዚህ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምናደርገው ነገር አለ። በገባ በመጀመሪያው ቀን ሣጥኑን እናስይዘውና ውጪ የሚጠብቅህ ሰው አለ፣ በመስኮቱ እየው እንለዋለን። ያያል፣ ይጮኻል፣ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። የሚያየው ሰው ራሱ ነው። የሙቀት ብርሃን በመስኮት መስታወት አያልፍም። ለዓይናችን ክፍት የሆነው መስታወት ለቀርፋፋው ግድግዳ ነው፤ ለዚያውም የሚያብለጨልጭ ግድግዳ። የተመልካቹን ሙቀት ለራሱ ለተመልካቹ ይመልስለታል። የእኛ ሌንሶች እንኳን ከመስታወት አይሠሩም፣ ብረት ከሚመስል ግራጫ ነገር ነው የሚሞረዱት። ይህን እዚህ ያለው ዘበኛ ሳይቀር ያውቀዋል። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነብኝ ላንቺ መንገር ረሳሁ። ጭራሽ መስኮቱን አትክፈቺ ብዬ የጻፍኩልሽ እኔው ነኝ። መክፈት ነበረብሽ። እኔም በመጀመሪያ ቀኔ ጮኼያለሁ፤ እስካሁን ከጮኹት ሁሉ የኔ ይበልጣል ይላሉ።

ስለዚህ ሰውየው አንቺ ነሽ። ፊቱ ላይ የሚነደው ሣጥኑ ራሱ ነው፤ ሲሠራ ይግላል። ከአንቺ በኋላ የሚንቀሳቀሰው ቀርፋፋው ዘግይቶ ስለሚያሳይ ነው። ባለ በርሜል ሆዱ ደግሞ ማን እንደሆነ አንቺው ንገሪው፤ እኔ አልደፍርም።

እንዳትቀየሚኝ እንጂ ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አለቃችን እንኳን፣ ከመጣሁ ጀምሮ ጥርሱን አይቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

እትዬ፣

እስከዚህ ድረስ ያለውን የጻፍኩት ቅድም ነው። ልቀደው አስቤ ነበር፤ ግን እንደገና ለመጻፍ ጊዜ የለኝም።

ሁሉም ሲስቅ ሌንሶቹን የምትሠራው ባልደረባችን ብቻ አልሳቀችም። ይህን እየጻፍኩ ሳለ መጥታ ደብዳቤሽን ከፊቴ ወሰደችና ጥግ ላይ ቆማ አነበበችው። መልሳ ስትሰጠኝ “እህትህ ሁለት እጅ የላትም እንዴ?” አለችኝ።

አላት አልኳት። ወዲያው የጠየቀችኝ ነገር ገባኝና ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት።

ሰውየው አንቺ ከሆንሽ እጁም እጅሽ ነው። ፊት ለፊትሽ ሲቆም ግራው ያንቺ ቀኝ ነው። ቀርፋፋው የሌለ ነገር አይፈጥርም፣ ያለውን ነገር ዝም ብሎ አይሰርዝም። ዙሪያው ካለው አየር ምንም ያልሞቀ ነገር ብቻ ነው የሚጠፋበት። ጠረጴዛ፣ መቀስ፣ ወንበር። የሰው እጅ እንደ ጠረጴዛ የሚሆነው ደም ሳይደርሰው ሲቀር ነው። እዚህ በብርድ ቆይተን ስንገባ የእኛም እጅ ይደበዝዛል፤ ግን ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል።

ለምንድን ነው ሣጥኑን በግራሽ የያዝሽው? ዕድሜሽን ሙሉ ሁሉን በቀኝሽ ነው የምትሠሪው። ጽሕፈትሽስ? በግራ እጅሽ ነው እንዴ የምትጽፊልኝ? ከመቼ ጀምሮ? ጥድፊያ ነው ብለሽ ስትጽፊልኝ አመንኩሽ፤ እንዴት አመንኩሽ?

እባክሽ ተሳስተሃል በዪኝ። እጄን ከጀርባዬ አድርጌው ነበር በዪኝ። እርጥብ ጨርቅ ይዤ ነበር በዪኝ። እንዲህ ካልሽኝ አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ እንደገና ይሳቁብኝ፣ ግድ የለኝም። በጣም ፈርቻለሁ።

አለቃችንን መኪናውን ለመንኩት፤ ሳልጨርስለት እሺ አለ። ራሴ ልመጣ ነበር። ግን መኪናው የጭነት ነው፤ ኋላው ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ተጭኖበታል፣ ሰው አይሳፈርበትም። ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር አንድ ነው። እኔ ከተቀመጥኩበት አንቺ የት ትቀመጫለሽ? ስለዚህ ወንበሩን ባዶውን ልኬልሻለሁ። ሲሊንደሮቹን የሚያራግፈው ትልቁ ሆስፒታል ባለበት ከተማ ነው፤ እስከ በሩ ያደርስሻል። ዩኒፎርሙን ተዪው። ሥራ አለብኝ እንዳትዪው። ያለ አንቺ ከደጅሽ እንዳይነቃነቅ አስምዬዋለሁ፤ እሱ ደግሞ የማለው ነገር ላይ ድንጋይ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 24

ለወንድሜ፣

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስሜ እስኪጠራ እየጠበቅኩ ነው። መጀመሪያ ይኼን ልንገርህ ብዬ ነው፤ ከዚያ ትንፋሽህ ይመለስልህ።

ሾፌርህ አጠገቤ ነው። ደጄ ላይ ቆሞ ሳለ ሂድ ብዬዋለሁ። ለምኜዋለሁ። ተቆጥቼዋለሁ። ልብስ ልስፋልህ ብዬ ልደልለው ሞክሬያለሁ። “ወንበሩ ባዶ ነው” ብቻ ነው የሚለኝ። ከቤቴ እስከዚህ ድረስ ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። እንዲህ ያለ ሰው ከየት አገኘኸው?

አዎ፣ በግራዬ ነው የምጽፍልህ። ዝናቡ ሳይገባ በፊት ነው የጀመረኝ። ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር፤ መርፌ ከእጄ ወድቆ መሬት ላይ ሲያበራ ነው የማውቀው። ከዚያ እጄ ነጣ። ከዚያ ተኝቼ ሳለ ማመም ጀመረ። ብርድ ነው አልኩ፣ ዕድሜ ነው አልኩ። ካውያው አጠገብ አሞቀው ነበር። አንድ ቀን የሚቃጠል ነገር ሸተተኝና ጨርቁን ተቃጠለ ብዬ ሳነሳ ጨርቁ ደህና ነው። ካውያው ላይ ያለው ጣቴ ነው። ምንም አልተሰማኝም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ በቁራጭ ጨርቅ አሰርኩትና ስፌቴን ቀጠልኩ።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለህ። አባባ እግሩን ይዞ ገብቶ ያለ እግሩ እንደወጣ ረሳህ? አንተ ትንሽ ነበርክ። ክራንቹን የለካሁለት እኔ ነኝ፣ የሱሪውን አንድ እግር አጥፌ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ያን የመሰለ አናጢ ከዚያ ወዲያ መዶሻ ሳይነካ አለቀ። እጄን ካዩት ይቆርጡታል ብዬ ነው። ካላዩት የኔ ነው። ቀዝቃዛም ይሁን የሞተ፣ የኔ ነው። ቀኝ እጅ የሌላት ልብስ ሰፊ ምን ትባላለች ወንድሜ? ማን ብላ በሯን ትከፍታለች?

ደብዳቤህን ደጄ ላይ ቆሜ ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። ራሴን ፈርቼ ነው ለካ ብዬ ከልቤ ሳቅኩ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። ገባሁና ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ አወረድኩ። ሣጥኑን አነሳሁ። አሁን ማን እንደሆነ ስለማውቅ አልፈራም አልኩ። ቆሞ ነበር። ቀኝ እጄን አነሳሁ፣ ጠበቅኩ። ክንዱ ተነሳ። ጫፉ ላይ ምንም የለም። ሳይቆርጡት ተቆርጦ አየሁት።

ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ስሜን ጠሩ። ሾፌሩ ከኔ ቀድሞ ተነሳ። ይኼን ለእሱ እሰጠዋለሁ። ልጅ ሳለህ መንገድ ስታቋርጥ የምትይዘው በዚህኛው እጄ ነበር፤ ትዝ ይልሃል?

እህትህ


ጥቅምት 30

ለውድ እትዬ፣ በሆስፒታሉ በኩል፣

ይድረስሽ። እንደምን ነሽ ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ስለ እጅሽ የጠየቅሽኝ ትዝ ይለኛል። ሻካራ ነበር፤ አመልካች ጣትሽ ላይ የመርፌ ጠባሳ ነበረበት። ሲያልበኝ እንኳን አትለቂኝም ነበር።

ሾፌሩ ደብዳቤሽን ሰጠኝ። ምን ሆነች አልኩት፤ ገባች አለኝ። ከዚያስ አልኩት። በሩ ተዘጋ አለኝ። የማውቀው ያንን ብቻ ነው። በዕለቱ ሊቀድዱት ነው የሚል ነገር ሰምቶ ነበር፤ ይቀድዱታል ወይስ ይቆርጡታል ብዬ አንገቱን ያዝኩት። አያውቅም። እሱም ፊቱ ልክ አልነበረም፤ ምሳውን ሳይበላ ሄዶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የምሠራ መስዬ የሰው እጅ ነው የማየው። ሣጥኑን ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ እስቲ እጅህን አንሳ እላለሁ። ዘበኛው ያበራል፣ አለቃችን ያበራል። ሌንስ የምትሠራዋ እጅ እስከ ጥፍሯ ድረስ ያበራል። ሁሉም ሰው እጅ አለው። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ማክሰኞ አዲስ ሠራተኛ መጣ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ፈጥነን አለፍን፤ ሣጥኑን ማንም አላስያዘውም። እሱም የሆነ ነገር እንዳለ ገብቶት ራሱን ደፍቶ አለፈ።

አባባን አልረሳሁም። ያንን ሁሉ ለብቻሽ ተሸክመሽ መኖርሽን ግን አላውቅም ነበር። ስሚኝ። ቢቆርጡት አንተ ነህ የላክኸኝ በዪኝ። ዕድሜ ልክሽን በዪኝ፣ ባገኘሽኝ ቁጥር በዪኝ። ብቻ የምትዪበት አፍ ይኑርሽ። እኔ የፈራሁት ለእጅሽ ብቻ አይደለም።

አንድ ቃል ጻፊልኝ። መጻፍ ካልቻልሽ ነርሷን አስጽፊ።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

እትዬ፣

መልስ የለም። የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ወደ በሩ እሮጣለሁ፤ ዘበኛው ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ለምዷል።

ሾፌሩ ሲሊንደሮቹን ሊያመጣ ሄዶ በዚያው ሆስፒታሉ ገብቶ ነበር። አልጋሽ ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ አገኘ። የት ሄደች ብሎ ቢጠይቅ ተረኛዋ ነርስ እኔ ዛሬ ነው የገባሁት፣ አላውቅም አለችው። ይህን ለመናገር ግማሽ ቀን ፈጀበት። እኔን ሽሽት በሌላ በር ሊወጣ ሲል ነው የያዝኩት።

አልጋሽ ላይ ሌላ ሰው። ይህን ጽፌ ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። አንዱን ለሆስፒታሉ አንዱን ለቤትሽ ሁለት አድርጌ እልከዋለሁ። መልስ ካላገኘሁ በሚቀጥለው መኪና እመጣለሁ፤ አለቃችን ይፍቀድም አይፍቀድም።


ኅዳር 17

ለወንድሜ ለዓይናማው፣

እንደምን አለህልኝ? አለሁ። ቤቴ ነኝ። ክፍል ቀይረውኝ ነው እንጂ አልሞትኩም። ያቺ ነርስ ግን እግዜር ይይላት፤ ነፍስህን ልታወጣ ነበር። ደብዳቤዎችህን አንድ ላይ ያገኘሁት ስወጣ ነው፤ አንብቤ ብቻዬን አለቀስኩ።

ጽሕፈቴን አይተህ ስለ እጄ ለመፍረድ እንዳትቸኩል፤ አሁንም ዶሮዋ ናት የምትጭረው። ከመጨረሻውም እንዳትጀምር፣ አመልህን አውቃለሁ። እኔ እንደጠበቅኩ አንተም በተራህ ጠብቅ። ልክ እንደሆነብኝ ነው የምነግርህ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። ከአንገቴ ሥር ስወለድ ጀምሮ የነበረ ትርፍ አጥንት አገኙ። ስፌት መኪናው ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር ወደ እጄ የሚወርደውን የደም ሥር ሲጫን ኖሯል። ደሙ እዚያ ረግቶ መንገዱን ዘጋው። ጥቂት ዘግይተሽ ብትመጪ ኖሮ ሳልጠይቅሽ እቆርጠው ነበር አለኝ። ማን ላከሽ ብሎ ጠየቀኝ። መስኮቴ ላይ የቆመ ሰውዬ አልኩት። ማደንዘዣው ቀድሞ የሠራብኝ መስሎት ነርሷን አያት።

አጥንቱን አወጡት፣ የረጋውን ደም ጠረጉት። ስነቃ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ አክሏል። ሐኪሙ ደሙን መልሰንለታል፣ ጣቶቹ ይቀበሉት አይቀበሉት ግን አናውቅም፣ የሞተ ካለ እናነሳለን አለኝ። ከዚያ ሌላ ጊዜም አስተኝተውኛል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፋሻው ሲቀየር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። ነርሶቹ ሊነግሩኝ ሲጀምሩ አትንገሩኝ እላለሁ። ተቆጡኝ፣ ለመኑኝ፣ በመጨረሻ ተዉኝ። አባባ የቀረ እግሩን ያየው ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ በሰው ፊት ነው። እኔ ቤቴ ነው የማየው ብዬ ማልኩ። ያልጻፍኩልህም ለዚሁ ነው። ምን ብዬ ልጻፍልህ? የማላውቀውን?

ፋሻውን ዛሬ ፍቺው ተብያለሁ። በአንድ እጅ መፍታት አልቻልኩም። ፀጉር አስተካካዩን አስጠራሁት። ባለ በርሜል ሆዱ ማን እንደነበረ ነግሬዋለሁ፤ ለሁለት ቀን አኩርፎኝ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ከአፉ ወሬ ከመውጣቱ በፊት ያንን ጥሎት የሄደውን መቀስ ሰጠሁትና ቁረጥ፣ ያየኸውን እንዳትናገር አልኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ። መቀሱ ሲሄድ ይሰማኛል። ፋሻው አለቀ። ከተዋወቅን ጀምሮ ያ ሰውዬ ዝም ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፤ ዝምታው እንደዚያ ያስፈራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዓይኔን ሳልገልጥ ዞርኩና መስኮቱ ፊት ቆምኩ። ሣጥኑን በግራዬ ወደ ፊቴ አመጣሁ፣ ከዚያ ገለጥኩ። ሰውየው አለ። ያንን አራት ማዕዘን እሳቱን ይዞ ቆሟል። ቀኝ እጄን አነሳሁ።

ወንድሜ፣ ያንን መሣሪያህን አፍጥነው። የቀረው ነገር ሁሉ ይቅርና እሱን አፍጥነው። ያቺን አንዲት ትንፋሽ እንዴት እንዳሳለፍኳት አላውቅም። እጄን አንስቼ ሳለ ሰውየው ገና አላነሳም፤ እኔ ያለሁት ወዲህ፣ የሚሆነው ነገር ወዲያ። አባባን አየሁት፣ የታጠፈውን የሱሪ እግር አየሁት።

ከዚያ ክንዱ ተነሳ። ጫፉ ላይ መዳፍ ነበር። ደብዛዛ ነው፣ ግን መዳፍ ነው። አውራ ጣቱ መጣ፣ አመልካቹ መጣ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ትንሿ አልመጣችም። ትንሽ ጠበቅኳት። አልመጣችም። ሣጥኑን ዝቅ አድርጌ በዓይኔ አየሁ፤ እውነትም የለችም፤ ቦታዋ ላይ ስፌት ነው ያለው። ስፌቱ አያምርም፣ እኔ ብሰፋው ይሻል ነበር። አራቱ ግን ቀይ ሆነው፣ አብጠው፣ አሉ። ጠቅ ሳደርጋቸው ያማሉ። ማመማቸው እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም።

መልሼ በሣጥኑ ሳይ ከሰውየው ጎን አጭር፣ ሆዱ በርሜል የሚያክል ሰው ቆሞ ነበር። ሁለቱን እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

አሁንም እፈራለሁ። ሐኪሙ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ሰጥቶኛል፣ በየወሩ እዪኝ ብሎኛል። መርፌ መቼ እንደምይዝ አላውቅም፤ ዩኒፎርሙን ለሌላ ሰፊ ሰጥቼዋለሁ። ከእንግዲህ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው መስኮቱ ጋ ሄጄ እጄን ማንሳት ነው፤ ጠፍቶ እንዳይጠብቀኝ። ሾፌሩን ግን በዚህ ሰሞን ላከው። ሸሚዝ አለብኝ፣ እሱ ባይጠይቅም። አንተም ና። አሁን ወንበሩ ባዶ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን በግራዬ ነው የጻፍኩት። የመጨረሻዋን መስመር በቀኜ ነው የምጽፋት። ብዕሩን ደጋግሜ ጣልኩት፤ ፊደሎቹም እግራቸው ተንጋዷል። እንዳታስደግመኝ።

ደህና ነኝ።